የሰገነት መከታ

አስቦ ባላደረገው፥ ነገር ግን ቸል ባለው ነገር የተነሣ የብዙ ሰው ነፍስ ቢጠፋ፥ ደሙ ከማን እጅ ይፈለጋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ብዙ ሰው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይስትበታል።

በአየርላንድ አገር በሊምሪክ አውራጃ ድሮምኮሎገር የምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ አለች። በ1918 ዓ.ም. ነሐሴ 30 ቀን እሑድ ማታ፥ ሕዝቡ በአንድ የፎቅ ቤት በላይኛው ክፍል ሲኒማ ለማየት ተሰበሰበ። ቤቱ ለዚህ ሥራ የተሠራ አልነበረም፤ መውጫውም አንድ የእንጨት ደረጃ ብቻ ነበር። ፊልሞቹ ከኮርክ ከተማ ሲመጡ፥ በመንገድ እንዳይከብዱ ተብሎ የብረት መያዣቸው እዚያው ቀርቶ ነበር። በበሩ አጠገብ በጠረጴዛ ላይ ፊልሙ ተቀምጦ ሳለ፥ በዚያው ሻማ ይበራ ነበር፤ ነበልባሉም ፊልሙን ነካው። የዚያ ዘመን ፊልም ሴሉሎይድ ከሚባል ነገር ይሠራ ነበርና፥ አንድ ጊዜ ከተያያዘ በውኃ እንኳ ለማጥፋት የሚያስቸግር ነው። እሳቱ በሕዝቡና በበሩ መካከል ቆመ። ጥቂቶች በመስኮት አመለጡ፤ 48 ሰዎች ግን ሞቱ፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ነበሩ። አብዛኞቹ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በአንድ መቃብር ተቀበሩ።

እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ጊዜ አንዱ፥ «በሰንበት ከጨዋታ ቤት ባይገኙ ምን ያገኛቸው ነበር?» ይላል። ይህ ፍርድ ግን አስቀድሞ የተሻረ ነው። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በገደለ ጊዜ፥ ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ጌታችን አስተምሮአል።

ሁለተኛው ደግሞ፥ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ይህ ቃል ከፊተኛው ይልቅ ትሕትና ያለበት ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው የገዛ ቸልታውን በፈጣሪው ስም ሲሸፍንበት ድፍረት ይሆናል። ኦሪት አዲስ ቤት የሚሠራውን ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያቆም ታዝዘዋለች፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በዚያ ቤት ላይ ነውና። ባለቤቱ ማንንም አልገፋም፥ ማንንም አልጠላም፤ የሚጠየቀው ስላደረገው ሳይሆን ስላላቆመው መከታ ነው።

በድሮምኮሎገር መከታው የብረት መያዣውና ሁለተኛው በር ነበር። መያዣው ቢመጣ የሚከብደው ለአንድ ሰው እጅ ነበር፤ መቅረቱ ግን ለአንድ ከተማ ከበደ።

እንግዲህ ቸልተኛው ከነፍሰ ገዳይ ጋር ይቈጠር ማለት ነውን? አይደለም። ሳያስብ ለገደለ ሰው ኦሪት የመማፀኛ ከተማ ሰጥታዋለች። ነገር ግን ያው ሰው ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከከተማው አይወጣም ነበር። ከተማው ከተበቃይ እጅ ያድነዋል እንጂ፥ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ ወደ ቤቱ አይሰደውም። ምሕረትና ተጠያቂነት እንዲህ በአንድ ቅጥር ውስጥ ይኖራሉ።

ስለዚህ ሕዝብ የሚሰበስብ ሁሉ፥ ባለ ሲኒማም ቢሆን የደብር አለቃም ቢሆን፥ ጧፉ ከመጋረጃው ምን ያህል እንደሚርቅ፥ የበሩም ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አስቀድሞ ይመርምር። ይህን ማድረግ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ባልንጀራን መውደድ ነው።