ፀሐይ ለማንም ሞት አትጋረድም

 

በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሕፃንነቱ ሞተ። ነቢዩም አለቀሱ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎችም «ፀሐይ የጨለመችው ለኢብራሂም ሞት ነው» አሉ።

እስቲ አስቡት። ወሬው ለሟቹ ልጅ ክብር ነው፤ ለአባትየው መጽናኛ ነው፤ ለሰሚው ደግሞ እምነት የሚጨምር ይመስላል። እንዲስፋፋ ዝም ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ዝም አላሉም። ሰዎቹን አሰገዱና ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ መሆናቸውን፣ ለማንም መሞት ወይም መኖር ብለው እንደማይጋረዱ ነገሯቸው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ልባቸው በሐዘን በተሰበረበት ቀን እንኳ ስለ ሰማይ ሐሰት እንዲነገር አልፈቀዱም።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ አዛን ሰምቶ ሰለመ የሚለው ወሬ ስንቴ ደርሷችኋል? ሰውየው ራሱ በሕይወት እያለ ሐሰት ነው ብሏል። እኛ ግን «ማሻአላህ» ብለን ለሃያ ሰው እናስተላልፈዋለን።

«በጎ ነገር ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚል ይኖራል። ይጎዳል። አንድ ወጣት ኢማኑን እንዲህ ባለ ወሬ ላይ ገነባ እንበል። ነገ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ፊዚክስ ይማራል፤ ወሬው ውሸት መሆኑን ይደርስበታል። ያኔ «ይሄ ውሸት ከሆነ ሌላውስ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥርጣሬውን ያመጣበት ትምህርቱ አይደለም፤ እኛ የላክንለት መልእክት ነው። ዲን በሐሰት አይታገዝም።

ደግሞስ እውነተኛው ሰማይ ምን ጎደለውና ነው የምንጨምርበት? ግርዶሽን ተመልከቱ። ፀሐይ በስፋት ከጨረቃ 400 ጊዜ ያህል ትበልጣለች፤ ከእኛ ያላት ርቀትም ከጨረቃ ርቀት 400 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ለዓይናችን እኩል ይመስላሉ። ጨረቃ በመሬትና በፀሐይ መካከል ስትገባ ጥላዋ መሬት ላይ ያርፋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም ጨረቃ ትንሽ ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አልቻለችም፤ በላሊበላ በኩል እንደ ቀለበት ሆና ታየች። ወደ እኛ አካባቢ ደግሞ የተሸፈነው ከፊሏ ብቻ ነበር። ቀኑና ሰዓቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ ይታወቅ ነበር። ፀሐይ ለሰው ሞት የምትጋረድ ቢሆን ኖሮ ማን አስቀድሞ ያሰላው ነበር?

ራቅ ብለን እንሂድ። የፀሐይ ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በ2012 ዓ.ም ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ኢትዮጵያ በመረጠችው ስም አንዱን ኮከብ «ቡና»፣ የምትዞረውን ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ብሎ ሰይሟል። የቡና ብርሃን ወደ እኛ ለመድረስ 196 ዓመት ገደማ ይጓዛል። ዛሬ የሚደርሰን ብርሃን ጉዞ ሲጀምር ሆሳዕና ከተማ ገና አልተቆረቆረችም ነበር።

ቡና በባዶ ዓይን አይታይም። በዚያው አቅጣጫ ግን ከእሱ እጅግ የሚርቅ፣ ግን በባዶ ዓይን የሚታይ ነገር አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት መብራት ሲጠፋ ወደ ሰሜን ቀና በሉ። ደብዘዝ ያለች ትንሽ ደመና የምትመስለው አንድሮሜዳ ጋላክሲ ናት። ብርሃኗ የተነሳው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በ964 እ.ኤ.አ. ገደማ ዐብዱረሕማን አል-ሱፊ የተባለው ሙስሊም የሥነ ፈለክ ሊቅ በመጽሐፉ «ትንሽ ደመና» ብሎ መዝግቧታል። ያየውን ጻፈ፤ ያላየውን አልጨመረም። ከእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች ራሷን የቻለች ጋላክሲ መሆኗን ኤድዊን ሀብል ያረጋገጠው በ1920ዎቹ ነው። የአል-ሱፊ ቃል ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ ታማኝ ነበርና።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ፈተናው እየመጣ ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም መካ ላይ ፀሐይ በቀትር ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች፤ በአገራችንም በከፊል። «መካ ጨለመች፣ እንዲህ ሊሆን ነው» የሚል ወሬ ስልካችሁን ያጥለቀልቀው ይሆናል። ያኔ የኢብራሂምን አባት አስታውሱ። ወሬውን አታስተላልፉ። ፀሐይዋን በባዶ ዓይን አትመልከቱ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዳዘዙት ወደ ሶላት፣ ወደ ዱዓና ወደ ሰደቃ ሂዱ። የግርዶሽን ምክንያት ማወቅ ከሱጁድ አያስቀርም፤ እሳቸው ወሬውን ያረሙትም ሶላቱን ያሰገዱትም በአንድ ቀን ነው።

እስከዚያ ግን ዛሬውኑ ጀምሩ። ስለ ሰማይ አንድ ነገር ሲደርሳችሁ ከማስተላለፋችሁ በፊት እውነት መሆኑን አጣሩ። ማረጋገጥ ካልቻላችሁ እናንተ ጋ ይቅር።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን፣ እውነተኛ ምላስንና የሚያስተነትን ልብን ይስጠን። አሚን።