ሞረዱና ማኅተሙ

ጠመንጃ የሚሰበስብ ወዳጅ ይኖረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በፊት ኖርዌይ የምትኖረውን እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ ኮንግስበርግ በምትባል ከተማ ስሰነብት ከጎረቤቷ ጋር ተዋወቅሁ። ሰውየው ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ይጠጋል። ምድር ቤታቸው ውስጥ፣ በመንግሥት ፈቃድ፣ በብረት ቁም ሣጥን የቆለፉባቸው አሥራ አንድ አሮጌ የኖርዌይ ጦር ጠመንጃዎች አሏቸው። እኅቴ እያስተረጎመችልኝ ሦስት ምሽት አብሬያቸው አመሸሁ። በሦስተኛው ምሽት የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አንባቢም ይፈርድ ዘንድ እነሆ።

ኮንግስበርግ በብር ማዕድን የተቆረቆረች ከተማ ናት። ማዕድኑ ሲዳከም በ1814 የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተተከለላት (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። የፋብሪካው ማኅተም ዘውድ የደፋ «ኬ» የተባለው የላቲን ፊደል ነው። እኔ ጠመንጃ ሳይ የማየው እንጨትና ብረት ነው፤ ሽማግሌው ግን ያነባሉ። ብረቱን ወደ መብራቱ ዘንበል አድርገው፣ አጉሊ መነጽር ይዘው፣ ደብተራ ብራና እንደሚያነብ መስመር በመስመር ይወርዱበታል። ዓመቱ የት ላይ እንደተመታ፣ የመቀርቀሪያው ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር መግጠም አለመግጠሙን፣ ሰደፉ በኋላ የተተካ መሆን አለመሆኑን ሳያጣሩ ስሙን እንኳ አይጠሩትም።

መጀመሪያ ያሳዩኝ የ1842ቱን ሞዴል ነው፤ ካመርላደር ይሉታል። ያኔ አብዛኛው የአውሮፓ ወታደር ባሩዱንና አረሩን በአፈሙዝ በኩል በዘንግ እየጠቀጠቀ ሲያጎርስ፣ የኖርዌዩ ወታደር በጎን ያለች እጀታ አዙሮ ከኋላ ያጎርስ ነበር። ቀጥሎ የ1867ቱ ሬሚንግተን፣ ከዚያ የ1884ቱ ያርማን፤ በመጨረሻም የቤቱ ኩራት የሆነው የ1894ቱ ክራግ ዮርገንሰን። ኦሌ ክራግ መኮንን፣ ኤሪክ ዮርገንሰን ጠመንጃ ሠሪ ነበሩ። ጥይቱ የሚገባው በቀኝ ጎኑ እንደ ሣጥን ክዳን በምትከፈት በር ነው፤ ካዝናው አምስት ይይዛል። የሚገርመው ዴንማርክ በ1889፣ አሜሪካ በ1892 ሲቀበሉት የገዛ አገሩ የተቀበለው ከሁለቱ በኋላ መሆኑ ነው። ነቢይ በአገሩ አይከበርም ማለት ይህ አይደል?

የዓመቱ ነገርም የዋዛ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራውን «ጥንታዊ» ብሎ ከመሣሪያ ተራ ያወጣዋል። እንግዲህ በ1897 ኦስትሪያ ውስጥ፣ በሽታየር፣ የተሠራው ክራግ እዚያ ቅርስ ሲሆን፣ በ1899 የተሠራው ታናሽ ወንድሙ ጠመንጃ ነው። ሁለቱም እኩል ይገድላሉ።

ሬሚንግተኑን ስቀበል እጄ ከበደኝ። በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ የግብፅ ሠራዊት ታጥቆት የመጣውና አባቶቻችን የማረኩት ጠመንጃ የዚሁ ቤተሰብ ነው። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው «የእኛው በጦርነት አልተተኮሰም» አሉ። አገራቸው ከ1814 በኋላ እስከ 1940 በምድሯ ላይ ጦርነት አላየችም። አንዱ ፈጠራ እዚያ ዒላማ ሲበሳ ኖረ፣ እዚህ ሬሳ ከመረ። ታዲያ ኃጢአቱ የብረቱ ነው? አይመስለኝም፤ በዚህ ላይም ብዙ ቃል አላባክንም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው።

በሦስተኛው ምሽት ከቁም ሣጥኑ ጥግ አንድ ክራግ አወጡ። መልኩ እንደ ወንድሞቹ ነው። አጉሊ መነጽሩን ሰጡኝ። ብረቱ ላይ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ንስር ተመትታለች። ጀርመን ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ኖርዌይን ወርራ እስከ ሜይ 1945 በቆየችበት ዘመን ፋብሪካው ለወራሪው እንዲሠራ ተገዶ ነበር፤ ክራግም ሠራለት። ንስሯ የጀርመን ጦር መርማሪ «አይቼ ተቀብያለሁ» ያለባት ማኅተም ናት። የሽማግሌው አባት በዚያ ዘመን የፋብሪካው ሠራተኛ ነበሩ።

ይህን ሲነግሩኝ ምራታቸው ቡና ይዛ ወረደች። አያቷ ኦስሎ አጠገብ በነበረው በግሪኒ እስር ቤት በጀርመኖች ታስረው የነበሩ ናቸው። ጠመንጃውን በእጄ ስታይ ትሪውን አስቀመጠችና «ዛሬም አልፋቋትም?» አለች። (በቋንቋቸው አማትን «አንተ» ማለት ነውር የለውም፤ እኅቴ ግን በእኛ ወግ አንቱ እያለች ነው የምታስተረጉምልኝ።) ልጆቿ እዚህ ቤት ሲወጡ ሲገቡ እንደሚያድጉ፣ አንድ ቀንም ይህን ቁም ሣጥን እንደሚወርሱ ተናገረች። በሞረድ ቢሆን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም አለች።

ሽማግሌው መልስ ሳይሰጧት የመቀርቀሪያውን ቁጥር አሳዩኝ። ከጠመንጃው ጋር አይገጥምም። አንድ ነጋዴ «የድሮውን ፍቄ የሚገጥመውን ልምታበት፣ ዋጋው ይጨምራል» ቢላቸው ከቤት አስወጥተውታል።

«የሌለ ቁጥር መምታትና ያለች ንስር መፋቅ ያው አንድ ውሸት ነው» አሉ።

«ቁጥር ማንንም አላሰረም» አለች ምራታቸው።

እኔ መጀመሪያ ከሽማግሌው ጋር ነበርኩ። ጋዜጠኝነት ስማር ከሁሉ አስቀድሞ የተነገረኝ ሰነድ እንዳልነካ ነው። ንስሯ ምስክር ናት፤ ምስክር ደግሞ መልኩ ስላስጠላ አይባረርም። የግትርነታቸውም ምንጭ የገባኝ መሰለኝ። ንስሯ የአባታቸው ዕዳ ናት፤ ቢፍቋት አባታቸውን በገዛ እጃቸው ነጻ ያወጡ ይመስላቸዋል፤ ያ ሥልጣን ደግሞ የልጅ አይደለም። ይህን በቃል አልተናገሩም። ከፊታቸው ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ምራቲቱ ግን ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዳ በሌላ ጠመንጃ ላይ ጣቷን ቀሰረች። ከ1945ቱ ሽንፈት በኋላ ጀርመኖች ትተውት የሄዱትን ሞዘር የኖርዌይ ጦር ለራሱ ታጥቆታል። ብረቱ ላይ «ሄር» የሚል ቃል መታበት፤ በቋንቋቸው ምድር ጦር ማለት ነው። ኋላም ብዙዎቹ የአሜሪካ ጥይት እንዲተኩሱ አፈሙዛቸው ተለወጠ። በሽማግሌው ሞዘር ላይ ከዚያ ቃል አጠገብ ንስሩ የነበረበት ቦታ ተፍቆ የሞረድ ጭረት ብቻ ቀርቷል። ጭረቱን ቀደም ሲል እንደ ጌጥ ነበር ያሳዩኝ።

«ይህን የፋቀው ሰው ዋሽቷል?» አለች።

«እሱ በጊዜው ነው የፋቀው።»

«ጊዜው መቼ አለቀ? ለእኛስ ማን ነገረን?»

የእኔ ሚዛን የተናጋው እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ ትኩስ ሳለ የፋቀውን ታሪክ ጻፈ እንላለን፤ ከሰባ ዓመት በኋላ የሚፍቀውን ታሪክ አጠፋ ብለን እንከሳለን። ድንበሩን የሚያሰምረው ማን ነው? ሰብሳቢው እንዳልል፣ ሰብሳቢ ብዙውን ጊዜ ያልቆሰለ ሰው ነው፤ ያ ሁሉ ትዕግሥቱም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። የቆሰለው እንዳልል፣ ምራቲቱም ራሷ አልታሰረችም፤ የአያቷን ቁስል ነው የያዘችው፣ ሽማግሌውም የአባታቸውን እፍረት። ሁለት ወራሾች የስንዴ ቅንጣት በምታህል ማኅተም ይሟገታሉ፤ ባለጉዳዮቹ ሁለቱም አፈር ሆነዋል። በበኩሌ ንስሯ ባለችበት ትቅር ባይ ነኝ። ቢሆንም የሽማግሌው ምክንያት አልበቃኝም። ብረቱን ሲያነቡ ያየሁት ትዕግሥት ምራታቸውን ሲሰሙ አልነበረም፤ ሰነድ ማክበር እንዲህ ከሆነ አንድ ነገር ይጎድለዋል።

ዝምታው ሲረዝም «አያትሽ ከእስር ከወጡ በኋላ ምን ይሉ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምንም። የአገር ጥበቃ ጦር ገቡና እንዲህ ያለ ሞዘር ተሰጣቸው፤ ቤታቸው ነበር የሚያስቀምጡት። ንስር ነበረበት። አልፋቁትም፤ ፕላስተር ለጠፉበት። ለልምምድ ሲወስዱት ይልጡታል፣ ሲመለሱ ይለጥፉታል።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ከመሳቢያቸው ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ አወጡ። «ምን ዓይነት ፕላስተር ነበር? የጨርቅ? ቀለሙስ?»

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቡኒ» አለች፤ «ጫፉ ሁልጊዜ ይላጥ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አላውቅም፤ እኅቴ ማስተርጎሟን ረስታ ታዳምጥ ነበር።