ተራሽን አትዝለዪ

ልጄ፣ ከልጅሽ ጋር የሸራ ጀልባ ክለብ መግባትሽን እናትሽ ነገረችኝ። «ምን ቆርጧት ነው ውሃ ላይ የምትንከራተተው?» ብላ ተቆጥታለች፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ምፅዋ ባሕር ኃይል ሳለሁ ያየሁት ሌላ ነው። ለዚህኛው ጉዳይ የሚጠቅምሽ በጡረታዬ ዘመን እዚሁ ለንደን፣ ከዌምብሌ ብዙም ሳይርቅ፣ ብሬንት ግድብ ዳር ተቀምጬ ያየሁት ነው። ግድቡን በ1830ዎቹ የሠሩት ለሬጀንት ቦይ ውሃ እንዲያቀርብ ነበር፤ ሰዉ ዌልሽ ሃርፕ ይለዋል። ዛሬ ወፉም ሸራውም ተጋርቶት ይኖራል።

ከገንዘብሽ ልጀምር። ክለቡ የሚያውሰው ጀልባ እያለ የራሴን ልግዛ አትበዪ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንብሻል። ሸራ በየት በኩል እንደሚሳብ ሳያውቁ ውድ የውሃ ልብስ አሟልተው የሚመጡ አሉ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ለልጁ ኦፕቲሚስት የምትባል ሳጥን መሳይ ጀልባ ትበቃዋለች፤ ክላርክ ሚልስ የተባለ አሜሪካዊ በ1947 ፍሎሪዳ ላይ የነደፋት ናት፣ ርዝመቷ 2.3 ሜትር። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት እዚያ እርሺው። ነፋሱ ድንገት ሲዞር አዋቂው የገመዱን ጫፍ እግሩ ሥር ሲፈልግ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ወገቧን ወደ ጠርዙ ገፋ፣ ሸራዋን ለቀቅ ሳብ አድርጋ ጥላው ትሄዳለች።

ውጤት ሲለጠፍም ግራ አይግባሽ። ቀድሞ መግባት ማሸነፍ ማለት አይደለም። ጀልባው ዓይነት በዓይነት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ፖርትስማውዝ ያርድስቲክ በሚባለው ሠንጠረዥ ላይ የራሱ ቁጥር አለው፤ የፈጣኑ ትንሽ፣ የቀርፋፋው ትልቅ ነው። የፈጀብሽን ጊዜ በ1,000 አባዝተው ለጀልባሽ ቁጥር ያካፍሉታል። ሌዘር የሚባለው ጀልባ ቁጥር ወደ 1,100 ይጠጋል፤ በ55 ደቂቃ ከገባ 50 ይያዝለታል። ሚረር የምትባለው ባለ ቀይ ሸራዋ ደግሞ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ድጋፍ ለተራው ሰው ኪስ የወጣችው፣ ቁጥሯ 1,390 አካባቢ ነው። በ68 ደቂቃ ብትደርስ 49 ገደማ ይሆንላታል። ሌዘሩ ልብሱን ቀይሮ ሻይ ይዞ ሲቀመጥ እየተንፏቀቀች የገባችው አሮጊት በለጠችው ማለት ነው! ከውድድር በኋላ ያለው ጨዋታ ግማሹ ስለዚህ ነው፤ የተሸነፈ ሁሉ «ቁጥሬ በደለኝ» ይላል። አብረሽ ሳቂ እንጂ ሙግቱ ውስጥ አትግቢ።

ሙግት ካነሳሁ አይቀር፣ ውሃ ላይ ሰው መጋጨቱ አይቀርም። ሁለት ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋስ ከቀኟ የሚመጣላት ቅድሚያ አላት፤ ከግራዋ የሚመጣባት ትለቃለች። ተበደልኩ ያለ ሰው ወዲያው እዚያው «ፕሮቴስት!» ብሎ መጮኽ አለበት። ተለቅ ያሉት ጀልባዎች ቀይ ባንዲራም ያወጣሉ፤ ከ6 ሜትር በታች ለሆነችው ትንሽ ጀልባ ግን ድምፅ ይበቃታል። በዳዩ ጥፋቱን ካመነ ከሌሎቹ ገለል ብሎ ጀልባውን ሁለት ጊዜ ያዞራል። ሰው ሳይበድል የመዞሪያ ምልክቱን ብቻ ከነካ አንድ ጊዜ። ዞረ፣ አለቀ። ካላመነ ደግሞ ከሳሽ የብስ ወጥቶ በጽሑፍ ያቀርብና ሁለቱም ተሰምተው ይፈረዳል። እኛ ዘንድ ወራት ሙሉ ሽማግሌ የሚያመላልስ ነገር በሁለት ዙር ሲዘጋ አይቼ ቀንቻለሁ፣ እውነቴን ነው።

ግን ሰው የትም ሰው ነው። ውሃ ላይ ዝም ብሎ ውሎ፣ ቢራ ሲይዝ «አየሽው ያንን ሰውዬ? ገፍቶኝ ሄደ» የሚል አይጠፋም። ማክሰኞ ላይ ነገሩ በስልክ ዞሮ ሲመጣ «ሊያሰምጠኝ ነበር» ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ የሚመጣብሽን «ፕሮቴስት ብለህ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው፤ ካላለ ወሬውን አትቀበዪው። አንቺም ከተበደልሽ ድምፅሽን አውጪ። እንግዳ ነኝ፣ ጥቁር ነኝ፣ ምን ይሉኛል ብለሽ ውጠሽ ወደ ቤትሽ አትውሰጂው። ሲጮኹብሽም ጥፋቱ ያንቺ ከሆነ ሳትከራከሪ ዙሪ፤ የዞረን ሰው ያከብሩታል።

ከፉክክሩ የሚቀድም ሕግ ግን አለ። በውድድር ሕግ መጽሐፋቸው ገና ቁጥር አንድ ላይ የተጻፈው፣ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት ነው። በ1988 የሴኡል ኦሎምፒክ የጀልባ ውድድሩ ፑሳን ላይ ነበር። ላውረንስ ሌሚዩ የተባለ ካናዳዊ ፊን በሚባለው የአንድ ሰው ጀልባ ሁለተኛ ሆኖ ሲገሠግሥ፣ በሌላ ውድድር የነበሩ ሁለት ሲንጋፖራውያን ጀልባቸው ተገልብጦ ማዕበል ውስጥ አያቸው። ሜዳሊያውን ትቶ አቅጣጫውን ቀየረ፤ አውጥቷቸው ረዳት እስኪደርስ አብሯቸው ቆየ። ዳኞቹ የሁለተኛነቱን ቦታ መልሰው ሰጡት፤ የኦሎምፒክ ኮሚቴውም በፒየር ደ ኩበርቲን ሜዳሊያ አከበረው። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው። ያንቺም ክለብ ሰው ለመርዳት ብሎ የዘገየን አቤት ሲል ይክሰዋል፤ ስለዚህ የተገለበጠ ሰው ካየሽ ደኅና መሆኑን ሳትጠይቂ አትለፊ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ተራው ልምጣ። ክለቡ እንደ እድራችን በተረኛ ነው የሚቆመው። አንዱ የዕለቱ አዛዥ ሆኖ ጥሩምባ ይነፋል፣ ባንዲራ ያወጣል፣ ሰዓት ይይዛል፤ ሌሎች የነፍስ አድኑን የሞተር ጀልባ ይዘው ይጠብቃሉ፤ አንዱ ሻይ ያፈላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። የክለቡን አለቃ ኮሞዶር ሲሉሽ እንደኛ ጊዜ ወርቅ ትከሻው ላይ የደረደረ ሰው አትጠብቂ፤ ኩባያ ሲያጥብ ነው የምታገኚው። ሲሾም ያልበላ የሚለው ተረትም እዚህ አይሠራም፤ ቢበዛ ብስኩት ነው።

ተራሽ ደርሶ ብትቀሪ በእድር ያስቀጣል፤ እንግሊዞቹ ግን ምንም አይሉሽም። ፈገግ ብለው «ችግር የለም» ይላሉ። አትመኛቸው፣ ችግር አለ! ሁለተኛ ጊዜ ስትቀሪ ፈገግታው እንዳለ ሆኖ ልጅሽን ጀልባ ላይ የሚያግዘው ሰው ይጠፋል። መምጣት ካልቻልሽ ቀድመሽ ከሌላ ሰው ተለዋወጪ።

ተረኛ ስትሆኚ መጀመሪያ ጥሩምባውን ይሰጡሻል። ብዙ ጊዜ አምስት ደቂቃ ሲቀር ትነፊያለሽ፣ አራት ሲቀር፣ አንድ ሲቀር፣ ከዚያ መነሻው። መስመሩን ቀድሞ ያለፈ ተመልሶ ይጀምራል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሞተር ጀልባው ላይ ከመደቡሽ ደግሞ እንደ ስልክ ሽቦ የተጠቀለለችዋን ቀይ ገመድ ጭንሽ ላይ ሳታስሪ ቁልፉን አትንኪ። ነጂው ከወደቀ ገመዷ ተስባ ሞተሩን ታጠፋለች፤ ካልታሰረች ባዶው ጀልባ እየዞረ ውሃ ውስጥ ባለው ሰው ላይ ይመጣል። ለአጭር መንገድ ነው፣ አሁን እመለሳለሁ የሚልሽን አትስሚ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በጠቅላላ ጉባኤ ጊዜ ገንዘብ ያዥ ሁኚ ማለታቸው አይቀርም። የመጀመሪያውን ዓመት እምቢ በይ፤ ከሰው መርጦ ለሹመት የሚባለው ሰዉ መጀመሪያ ሲያውቅሽ ነው።

እናትሽን ያስቆጣት እሑድ መሆኑን አውቃለሁ። ቅዳሴም እሑድ ጠዋት፣ ውድድርም እሑድ ጠዋት። ሁለቱን አታጣያቸው። ብዙ ክለቦች በሞቃቱ ወራት ረቡዕ ማታም ይወዳደራሉ፤ በሰኔ ለንደን ላይ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ብርሃን ነው። የዓመቱ የተረኞች ዝርዝር ሳይወጣ ለጸሐፊው ፋሲካችንን ቀኑን ጠቅሰሽ ጻፊለት፤ የእኛና የእነሱ በብዙ ዓመት እንደሚለያይ ከየት ያውቃል? በምትኩ የገና ማግስታቸውን፣ ዲሴምበር 26ን ስጡኝ በይ። ያን ቀን ውድድር ያላቸው ክለቦች ብዙ ናቸው፤ ሰዉ ግን ጠግቦ ተኝቶ ተረኛ ለማግኘት ይለማመጣሉ። የእኛ ገና ገና ነው፤ አንቺ ጾም ላይ ስለሆንሽ ማልደሽ ትነሻለሽ። ከኩሽና የሚመጣልሽን የአሳማ ሳንድዊች ለጎረቤትሽ አሳልፊ፣ ሻይሽን ያለ ወተት አስቀጂ። ጓንትም ያዢ፤ ጣቱ የተቆረጠውን ዓይነት፣ የሰዓት መያዣዋ ቁልፍ ትንሽ ናት።