«ልጅ አልወለዱም» ስለ ተባሉት እናት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 2 ከቁጥር 36 ጀምሮ ስለ ነቢይት ሐና ሲጽፍ ዕድሜዋን በጥንቃቄ ቆጥሮታል። ከባሏ ጋር የኖረችው 7 ዓመት ነው፤ በመበለትነት ደግሞ እስከ 84 ትደርሳለች። የአረጋዊው የስምዖን ጸሎት ቃል በቃል ተጽፎ ሲገኝ፣ ሐና ከተናገረችው ግን አንድም ቃል አልተጻፈም። ስለ ሕፃኑ ቤዛን ለሚጠባበቁት መናገሯ ብቻ ተገልጿል። የብዙ አረጋውያን እናቶቻችንም ነገር እንዲሁ ነው።

ይህን ያሳሰበኝ ሱሉልታ ያረፉት የአክስታችን የቀብር ዕለት ነው። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ልጅ አልወለዱም» የሚል ቃል ነበረበት። ከአስከሬኑ አጠገብ ግን ሦስት ጎልማሶች «እናቴ! እናቴ!» እያሉ ያለቅሱ ነበር። የሟች እኅታቸው ልጆች ናቸው፤ አክስታችን ወተት እየሸጡ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቋቸው። የተወለዱበትን ቀን አያውቁም ነበር። ዕድሜያቸውን ስንጠይቃቸው «ጣልያን ሲወጣ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ይሉና ሒሳቡን ለእኛ ለተማርነው ይተዉልን ነበር። ብናሰላው ወደ ዘጠና ይጠጋል። አንዲት ጎረቤት «የሰው ልጅ ማሳደግ አይሰለችሽም ወይ?» ቢሏቸው «የሰው ያልሆነ ልጅ አለ እንዴ?» ብለው መለሱ አሉ።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 54 ያልወለደችው ሴት ብዙ ልጆች እንደሚኖሯት ይናገራል። መምህራን ስለ ቤተ ክርስቲያን ይተረጉሙታል። ለአክስታችንም ቢነበብላቸው የሚቀየም መምህር ያለ አይመስለኝም።

ወ/ሮ አበበች ጎበናን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በ1928 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ሸበል አቦ ተወልደው፣ አባታቸውን በጣልያን ጦርነት አጥተው፣ በ10 ዓመታቸው ሳይጠየቁ ቢዳሩ ሸሽተው አዲስ አበባ ገቡ። በ1972 ዓ.ም. ለመሳለም ወደ ግሸን ማርያም ሲሄዱ ወሎ በድርቅ ተመትቶ ነበርና፣ ከሞተች እናቷ ጡት ላይ ያልተለየች ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፈሉ፤ ሲመለሱም ያችን ሕፃንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው መጡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ዘመድ «አበደች» አለ፤ ባለቤታቸውም ከእሱና ከልጆቹ እንዲመርጡ ጠየቃቸው። ልጆቹን መርጠው ከሞቀ ቤታቸው ወጡ። እንጀራ እየጋገሩ፣ ቆሎ እየቆሉ እየሸጡ አሳደጓቸው። ከዚያ የተነሣው ድርጅት ብዙ ሺህ ሕፃናትን ደግፏል። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ሲያርፉ 85 ዓመታቸው ነበር። ጋዜጦች «የአፍሪካ ማዘር ቴሬዛ» ብለዋቸዋል፤ ለክብር መሆኑ ይገባኛል። እኔ ግን ልጆቻቸው የሚጠሩበት «እዳዬ» ይበልጥብኛል።

ግሸን ሌላም ሰው አላት። ፒያኖ ደርዳሪዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው በዚያው ደብር ጫማ አውልቀው ለዓመታት ኖረዋል። ከሸክላቸው የተገኘውንም ገንዘብ ለወላጅ አልባ ልጆች አውለውታል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ዐረፉ። የሙዚቃ ሥራቸውን በመጠበቅ የደከመችውም የእኅታቸው ልጅ ናት። አንዷ ተራራው ላይ ቆዩ፣ አንዷ ሕፃን ታቅፈው ወረዱ። የትኛዋ በለጠች ብሎ መከራከር የእኛ ፋንታ አይደለም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ለፋብሪካ ሥራም ለትምህርትም ከየገጠሩ የመጣው ወጣት ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ያረፈውም አክስት ቤት ነው። በመዝሙር ክፍል ጎናችሁ የሚቆመውን ጠይቁት። የሰንበት ት/ቤታችን የመመዝገቢያ ቅጽ «የወላጅ ስም» የሚል መስመር አለው። በአክስት እጅ ያደጉት ልጆች እዚያ ሲደርሱ ብዕራቸው ይቆማል፤ አንዳንዱም ባዶውን ይመልሰዋል። ከሥሩ «ያሳደገ/ች» የሚል መስመር ይጨመር ብለን ለጽ/ቤቱ ሐሳብ አቅርበናል። አዲሱ ቅጽ እስኪባዛ ድረስ በዚያው መስመር ላይ የአክስታችሁን ስም ጻፉ፤ መዝጋቢዎቹ እንደሚቀበሉ ነግረውናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።