የሳይመን እግሮች

አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር፤ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበውን ፋሚኮም የተባለ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ እንደ አዲስ ሊሠራ ተነሣ። ጌሞቹን በኮምፒውተር ፕሮግራም አስመስሎ ማጫወት ይቻል ነበር። እሱ ግን ማሽኑን ራሱን ፈለገ። ኤፍፒጂኤ የሚባል ቺፕ አለ፤ ከፋብሪካ ከወጣም በኋላ የውስጥ ሰርኪቱን እንደፈለጉ መዘርጋት ይቻላል። የድሮውን ማሽን ሰርኪት በዚያ ላይ ዘረጋው።

ሥራው ሲያልቅ አንድ ደንበኛ መጥቶ አየውና ቅር አለው። «ጠላቶቹ ሲበዙ ምስላቸው ብልጭ ድርግም ይላል። በዚህ ዘመን ይህን ማስተካከል ያቅትዎታል?»

አላቃተውም። የድሮው የሥዕል ቺፕ በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ ስፕራይት፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ምስል፣ መሳል አይችልም፤ ዘጠነኛው ይቀራል። ፕሮግራመሮቹም ሁልጊዜ አንዱ ብቻ እንዳይቀር ቅደም ተከተሉን በየቅጽበቱ እየቀያየሩ ተራ ያስይዟቸው ነበር። ብልጭ ድርግም የሚሉት ለዚህ ነው። መሐንዲሱ ወሰኑን አነሣ፤ ምስሉም ረጋ።

ደንበኛው ደስ ብሎት ኮናሚ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣውን ሁለተኛውን «ካስልቬኒያ» ከፈተ። ጀግናው ሳይመን ረግረግ ውስጥ ገባ። እግሩ ግን አልሰጠመም፤ ጭቃውን እንደ ደረቅ መሬት እየረገጠ ሄደ።

«ማሽንዎ ተበላሽቷል» አለ ደንበኛው።

«አርሜልህ ነው» አለው መሐንዲሱ። «የጌሙ ሠሪዎች የሳይመን እግር በሚያርፍባቸው መስመሮች ላይ 8 ባዶ ስፕራይቶች አስቀድመው ደረደሩ። እግሩ ተራ አጥቶ ሳይሳል ቀረ። ሰመጠ ስንል የኖርነው ይህንን ነው።» ወሰኑንም ወደ ቦታው መለሰው።

ደንበኛው ሞኝ አልነበረም። ብልጭታው በእርግጥ ዓይን ያደክማል፤ ሠሪዎቹም ቢችሉ ኖሮ ያስወግዱት ነበር። ችግሩ አንዱን ወሰን አንዳንዶች ሲረግሙት ሌሎች ሥራቸውን የገነቡበት መሆኑ ነው፤ ሁለቱን ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም። የድሮ ቅኔ ሲያሳትም «በስህተት የተጣበቀ» የመሰለውን ቃል ለያይቶ የሚጽፍ አርታኢም ገጹን ያጸዳል፤ ወርቁን ግን ያጠፋዋል።

ዛሬ ብዙ ኢሙሌተሮች፣ ማለትም የድሮውን ማሽን አስመስለው ጌም የሚያጫውቱ ፕሮግራሞች፣ የ8ቱን ወሰን የማንሣት ምርጫ አላቸው። ምርጫው ይኑር፤ የሚፈልግ ያንሣው። ማሽኑ ከካርቶኑ ሲወጣ ግን ዘጠነኛውን መሳል የለበትም።