አንድ ነገር ብቻውን ምን አለው? ስለ ኢነርሺያና ስለ ሩቅ ከዋክብት

አንድ ነገር የራሱ የምንለው ባሕርይ በእርግጥ ከራሱ የመነጨ ነውን? ወይስ ከሌሎች ጋር ካለው ዝምድና የተገኘ? ይህ ጥያቄ ፈላስፎችን ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር ኖሯል። አሪስጣጣሊስ የህላዌን ምድቦች በዘረዘረ ጊዜ፣ ራሱን ችሎ ለሚቆመው ነገር የመጀመሪያውን ስፍራ ሰጥቶ፣ ዝምድናን ግን ከሁሉ ይልቅ ህላዌው የሳሳ አድርጎ ቈጠረው። አባት ልጅ ባይኖረው ኖሮ አባት ባልተባለ ነበር፤ ሰው መሆኑ ግን ባልቀረ ነበር። ይህ አስተያየት ግልጽ መስሎ ይታያል። ሆኖም ግዑዙን ድንጋይ እንኳ አጥብቀን ብንመረምረው፣ ነገሩ እንደምናስበው ቀላል ሆኖ አይገኝም።

በአውቶቡስ ተሳፍረን ስንጓዝ ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ቢይዝ ሰውነታችን ወደ ፊት ይወረወራል፤ መኪናው በኃይል ሲነሣ ደግሞ ጀርባችን ከመቀመጫው ጋር ይጣበቃል። የቆመ ነገር እንደ ቆመ፣ የሚሄድም በቀጥተኛ መስመር እንደ ሄደ ለመቀጠል ይጸናል፤ ለውጥን እንቢ ይላል። የፊዚክስ ሊቃውንት ኢነርሺያ ብለው የሚጠሩት ይህን እንቢታ ነው። እንግዲህ ይህ እንቢታ ከድንጋዩ ከራሱ ነውን? በፍጥረተ ዓለም ውስጥ ከዚያ ድንጋይ በቀር ምንም ባይኖርስ፣ እንቢ ማለቱ ይቀጥል ነበርን?

ይስሐቅ ኒውተን በ1687 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ አንድ ፈተና አቀረበ። ውሃ የተሞላ ባልዲ በገመድ ይሰቀላል፤ ገመዱም ከተጠመዘዘ በኋላ ይለቀቃል። በመጀመሪያ ባልዲው ሲሽከረከር ውሃው ገና ስላልተከተለው ገጹ ዝርግ ነው። ቈይቶ ውሃው ከባልዲው ጋር እኩል ሲዞር መካከሉ ይጐደጕዳል፤ ዳሩም ሽቅብ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ውሃውና ባልዲው አብረው ስለሚዞሩ በመካከላቸው ልዩነት የለም። ታዲያ ውሃው የሚዞረው ከምን አንጻር ነው? ኒውተን ሲመልስ፣ ከማንኛውም አካል ጋር የማይገናኝ፣ ሁልጊዜ ያው የሆነና የማይንቀሳቀስ ፍጹም ኅዋ አለ፤ ውሃው የሚዞረው ከእርሱ አንጻር ነው አለ።

ይህ መልስ ከፊዚክስ አልፎ የነገረ መለኮትን ደጃፍ አንኳኳ። ኒውተን ራሱ በ1713 በወጣው ሁለተኛ እትም፣ እግዚአብሔር ሁልጊዜና በሁሉም ስፍራ በመኖሩ ጊዜንና ኅዋን እንደሚያቆም ጻፈ። ኋላ በአየርላንድ የክሎይን አንግሊካዊ ጳጳስ የሆነው ጆርጅ በርክሊ ግን በፍጹም ኅዋ ላይ ገና በ1710 ተቃውሞውን አቅርቦ ነበር። እንዲህ ያለ ኅዋ እውነተኛ ህላዌ ካለው፣ ወይ ኅዋው ራሱ አምላክ ነው፣ ወይም ከአምላክ ሌላ ዘላለማዊና ያልተፈጠረ ነገር አለ ማለት ይሆናልና። በ1721 ስለ እንቅስቃሴ በጻፈው ድርሳን ደግሞ፣ በባዶ ዓለም ውስጥ ብቻዋን ያለች አንዲት ሉል ተንቀሳቀሰች ሊባል እንደማይቻል ተከራከረ። አባቶቻችን «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» ሲሉ ትምክሕተኛውን መገሠጻቸው ነው፤ በርክሊ ቢሰማቸው ኖሮ፣ ብቻውን የሮጠስ መሮጡም አይታወቅም ባለ ነበር።

ይህን ሐሳብ በፊዚክስ ውስጥ ያጠናከረው የኦስትሪያው ሊቅ ኤርንስት ማኽ ነው። በ1883 ስለ ሜካኒክስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስሱ የባልዲ ግድግዳ በውሃው ላይ ለውጥ ባያመጣም፣ ግድግዳው እጅግ ወፍራምና ከባድ ቢሆን ኖሮ ምን ይታይ እንደ ነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም ሲል ተከራከረ። ውሃው የሚዞረው ከባዶ ኅዋ ሳይሆን ከምድርና ከሩቅ ከዋክብት አንጻር ነውና፣ እንቢታውም ከእነርሱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል።

ለዚህም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሌዎን ፉኮ በ1851 በፓሪስ ፓንቴዎን ውስጥ 67 ሜትር በሚረዝም ሽቦ 28 ኪሎ የሚመዝን ሉል ሰቅሎ አወዛወዘ፤ የውዝዋዜው አቅጣጫም ቀስ በቀስ ሲዞር ሕዝብ ተመለከተ። እንዲህ ያለው ፔንዱለም በምድር ዋልታ ላይ ቢሰቀል በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ዙር ይጨርሳል፤ ከዋክብትም በሰማይ ዙራቸውን የሚጨርሱት በዚያው ጊዜ ነው። በዝግ ቤት የተሰቀለው ሉል ሰማይን ሳያይ ከከዋክብት ጋር ይስማማል። በኒውተን ትምህርት ይህ ስምምነት ምክንያቱ ያልተነገረ ነው፤ ለማኽ ግን ምክንያት የሚሻ ነገር ነው።

አልበርት አይንስታይን የስበትን አዲስ ትምህርት በ1915 ሲያጠናቅቅ የማኽ ሐሳብ ካነሣሡት አንዱ ነበር፤ በ1918ም «የማኽ መርሕ» የሚል ስም አወጣለት። ትምህርቱ ማኽን በከፊል ደገፈ። የሚዞር ከባድ አካል በዙሪያው ያለውን ኅዋ በጥቂቱ አብሮ እንደሚጎትት በዚያው ዓመት በስሌት ታወቀ። በ2004 የመጠቀችው ግራቪቲ ፕሮብ ቢ የተባለች ሳተላይት የምድርን ጉተታ ለካች፤ መጠኑ በዓመት ከአንድ ዲግሪ 90 ሺህ እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። በ2011 የወጣው ውጤትም 19 በመቶ በሚደርስ የስሕተት ወሰን ውስጥ ከስሌቱ ጋር ተስማማ። በአንጻሩ ግን ኔዘርላንዳዊው ቪለም ደ ሲተር በ1917፣ የአይንስታይን ቀመሮች ምንም ቁስ የሌለበትን ዓለም እንኳ እንደሚፈቅዱ አሳይቶ ነበር። አይንስታይን ራሱ በ1954 በጻፈው ደብዳቤ፣ ከእንግዲህ ስለ ማኽ መርሕ መናገር እንደማይገባ ገለጸ። ክርክሩ ግን ዛሬም አልተዘጋም።

ከዚህ ምን እንማራለን? አስቀድሞ ጥንቃቄን እንማራለን። ድንጋይ እንኳ ከከዋክብት ጋር ይዛመዳል ብሎ ለፍቅር ትእዛዝ ከፊዚክስ ማስረጃ የሚፈልግ ሰባኪ፣ ስሌቱ በተለወጠ ቀን ስብከቱ ይወድቅበታል። ለባልንጀራችን ዕዳ ያለብን ከዋክብት ስለሚጎትቱን አይደለም።

ይሁን እንጂ ጥያቄው ራሱ ኅሊናችንን ያነቃል። ከእንቢታ ይልቅ የራስ የሚመስል ምን አለ? ግን እርሱም እንኳ ከሩቅ የተቀበልነው ሊሆን ይችላል። ማንንም አልፈልግም የሚል ሰው ቋንቋውን ከእናቱ፣ እንጀራውን ከገበሬው እንደ ተቀበለ ይዘነጋል። በሌላ በኩል፣ ሰውን የብዙኃኑ ቅንጣት ብቻ አድርገው የቈጠሩ ሥርዐቶች ያደረሱትን ጥፋት የሃያኛው ምዕተ ዓመት ታሪክ ይመሰክራል። ዝምድና ያለ ተዛማጆች አይቆምምና፣ ሰውን በዝምድናው ውስጥ የሚያሟሟ ዝምድናውንም ያጠፋል።

ስለዚህ በሐሰት መስክር ተብሎ የተገደደ ሰው «እንቢ» ሲል፣ ጽናቱን ከወላጆቹ፣ ከመምህራኑና ስማቸውን ከማያውቃቸው ብዙዎች ተቀብሎት ይሆናል። ለእነርሱም ምስጋና ይገባል። በዚያች ሰዓት ግን እንቢ የሚለው ራሱ ነው፤ ማንም ስለ እርሱ ሊልለት አይችልም።