ስለ አሮጌ ኦቶሞቢል ዕቃና ስለ ገዢው ሕሊና

ሰው ያረጀውን ሲያድስ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ አንደኛው ይታያል፥ ሁለተኛው ግን አይታይም። የሚታየው የተሰበረው ሲጠገንና የጎደለው ሲሞላ ነው። የማይታየው ግን የተሞላበት ዕቃ ከማን እጅ እንደ መጣ፥ በምንስ መንገድ እንደ ተገኘ ነው። ዛሬ ለአንባቢ ላቀርበው የምወደው ጥያቄ ስለዚህ ስለማይታየው ነው፤ ይኸውም ሰው በቸገረው ጊዜ ምንጩን ሳይመረምር ዕቃ ቢገዛ በደለኛ ይባላልን ወይስ አይባልም የሚል ነው። ነገሩን በጠቅላላው ብንናገረው እንደ ጉም ስለሚበተንብን በአንድ ዕቃ ላይ አቁመን ብንመረምረው ይሻላል። ዕቃውም የኦቶሞቢል ራዲያተር ነው።

ራዲያተር ማለት በኦቶሞቢል ግንባር ተተክሎ የሞተሩን ትኩሳት የሚያበርድ የውሃ ቤት ነው። ውሃው በሞተሩ ውስጥ ዞሮ ሙቀቱን ተሸክሞ ይመጣል፤ በቀጫጭን ቱቦዎች ሲወርድ ነፋስ ያገኘዋል፤ በርዶም ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ቱቦው በዝገትና በደለል የተደፈነ ወይም ተቀዶ ያፈሰሰ እንደ ሆነ ሞተሩ ይግላል፤ ቴስታታው ይጣመማል፤ ኦቶሞቢሉም በመንገድ ይቀራል። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ሲሆን 3000 ሜትር ግድም ከፍታ ባለው አገር በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ነፋስ መውጫ ለሚወጣ፥ ከዚያም ወደ አርብ ገበያ ለሚታጠፍ ወይም የጨጨሆን ዳገት ለሚገፋ ካሚዮን ራዲያተር ጌጥ ሳይሆን ሕይወት ነው። ክዳኑ እንኳ ተራ መክደኛ አይደለም፤ እንፋሎቱን አፍኖ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርግ ነውና በክዳኑ ፈንታ ጨርቅ ወትፎ የሚሄድ ነጂ ሳያውቀው ዳገቱን በራሱ ላይ ያስረዝማል።

ኦቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ያመጣውም ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጠላት ወረራ ዘመን የፊያት ካሚዮን፥ ከነጻነት በኋላ ላንድሮቨርና ቮልስ ዋገን፥ በደርግ ዘመን ደግሞ ላዳ እየተከታተለ መጣ። መካኒኮቻችን እስከ ዛሬ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ማርሚታ፥ ባሌስትራ ማለታቸው ከጣልያኖች የቀረ ቋንቋ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የጥንቱ ቮልስ ዋገን ሞተሩን በነፋስ ብቻ የሚያበርድ ስለ ሆነ ራዲያተር የለውም፤ የቀሩት ግን ያለ ራዲያተር አይራመዱም። ፋብሪካዎቹም ጊዜያቸው ሲደርስ ሥራቸውን አቆሙ፤ የጥንቱ ቮልስ ዋገን በ1995 ዓ.ም.፥ የድሮው ዓይነት ላንድሮቨር በ2008 ዓ.ም. መሠራታቸው ቀረ። ፋብሪካው ቢያቆምም ኦቶሞቢሉ ግን አላቆመም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ኦቶሞቢሎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ ያለው ሰው ያለውን አጥብቆ ቢይዝ፥ አሮጌውንም ደጋግሞ ቢያድስ አያስደንቅም።

በአውሮፓ በኦቶሞቢል ላይ ቤት ሠርተው፥ አልጋና ምድጃ አሰናድተው አገር ላገር የሚዞሩ ሰዎች አሉ። አርባና አምሳ ዓመት የሞላው እንዲህ ያለ ተንቀሳቃሽ ቤት ራዲያተሩ ቢበላሽ ባለቤቶቹ በማኅበር ተሰባስበው ዕቃ ያፈላልጋሉ፤ ከጠፋም ልኩን ሰጥተው አዲስ ያሠራሉ። ለብዙዎቹ ይህ የዕረፍት ጊዜ ደስታ ነው፤ ዕቃው ዘንድሮ ባይገኝ ለከርሞ ይቆያል። የእኛ ሰው ግን ዕቃ የሚፈልገው የዕለት እንጀራውና የጎረቤቱ ነፍስ በዚያው ዕቃ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው። ጥያቄውም የሚከብደው ስለዚህ ነው።

በአርብ ገበያ የሚኖር አንድ ባለ አሮጌ ላንድሮቨር አለ እንበል። በዓርብ ቀን ገበያተኛውን ከነሸክሙ ያመላልሳል፤ በሌላው ቀን ምጥ የጠናባትን ሴት፥ ወይም ሕመም የጣለውን ሽማግሌ ወደ ነፋስ መውጫ ያደርሳል። የዚህ ሰው ራዲያተር ቢፈርስ በፊቱ ሦስት በር አለ። አንደኛው የበያጁ በር ነው። የድሮ ራዲያተር ከመዳብና ከነሐስ የተሠራ ስለ ሆነ እሳት ይቀበላል፤ በያጁ የላይኛውን ጋን አላቅቆ በቱቦዎቹ ውስጥ ቀጭን ሽቦ እየሰደደ ደለሉን ያወጣል፤ የተቀደደውን በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ ይደፍናል፤ ከዚያም ውሃ ውስጥ ነክሮ አየር እየነፋ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል። የአዲሱ ዘመን ራዲያተር ግን አካሉ አሉሚኒየም፥ ጋኑ ፕላስቲክ ስለ ሆነ ሲሰበር ብዙ ጊዜ ይጣላል እንጂ አይጠገንም። ሁለተኛው የሞተ ኦቶሞቢል በር ነው፤ ተገልብጦ ወይም አርጅቶ ከቆመ ኦቶሞቢል ባለቤቱን አስፈቅዶ፥ ዋጋውን ከፍሎ መፍታት ነው። ሦስተኛው የተራ በር ነው። በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የኦቶሞቢል መለዋወጫ ይሸጣል፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ የተጣለ ብረት ተቀጥቅጦ እንደ ገና ዕቃ ይሆናል። በእነዚህ ስፍራዎች ብዙ ሰው በላቡ ያድራል፤ ድካሙም አገርን ከብዙ ወጪ ያድናል። ነገር ግን በከተማ ያቆመው ኦቶሞቢል ሌሊት ስፖኪዮው ተነቅሎ ያደረበት ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በማናቸውም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ከቅኑ ዕቃ ጋር የተሰረቀ ዕቃ ሊቀላቀል ይችላል።

በዚህ ሦስተኛ በር ላይ ቆሞ የሚከራከረው ገዢ የሚያቀርባቸው ሁለት መልሶች አሉ። የመጀመሪያው፦ «እኔ አልሰረቅሁም፤ በገንዘቤ ገዛሁ» የሚል ነው። ይህ መልስ እጁን እንጂ ሕሊናውን አያነጻውም። ሌባ ራዲያተር አይበላም፥ አይለብሰውምም፤ የሚሰርቀው ገዢ እንዳለ ስላወቀ ነው። የሌሊቱን ሥራ የሚያዘው የቀኑ ገበያ ነውና። የወንጀል ሕጋችንም ከወንጀል የተገኘን ዕቃ መቀበል ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። «አላወቅሁም» የሚልም ቢኖር፥ ያለማወቅ ሁለት ዓይነት መሆኑን ይመርምር። አንዱ ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ያለማወቅ ነው፤ ይህ ይቅር ይባላል። ሁለተኛው መልሱን ፈርቶ ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ያለማወቅ ነው፤ ይህ ግን የእውቀት ወንድም ነው፤ የሚፈራውን ነገር አስቀድሞ ባያውቀው ኖሮ ባልፈራውም ነበርና። የገበያው ዋጋ አሥር ሆኖ ሳለ ሻጩ በሦስት ሲሰጥ ዋጋው ራሱ ይመሰክራል።

ሁለተኛው መልስ፦ «ቸገረኝ» የሚል ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፥ ችግር ብዙ ነገር ያስደርጋል። ይህን መልስ በቀላሉ መናቅ አይገባም። ምጥ የያዛት ሴት በበር ቆማ ሳለች የዕቃን ታሪክ ሲመረምር የሚያመሽ ሰው ጻድቅ አይባልም። በዚያች ሰዓት የተገኘውን ገጥሞ ነፍስ ማዳን ይገባዋል እላለሁ። ነገር ግን አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ ችግር ዕቃውን ያስይዛል እንጂ ባለቤት አያደርግም። ነፍሲቱ ከዳነች በኋላ ያ ዕቃ በእጁ ያለው እንደ ዐደራ ነው፤ ባለቤቱ ቢታወቅ ሊመልስ፥ ባይታወቅም ከማን እንደ ገዛው ሊናገር ግዴታ አለበት። ከአንድ ሌሊት በላይ የሚዘልቅ ችግር ችግር መሆኑ ቀርቶ ልማድ ይሆናል፤ ልማድም እንደ ምክንያት አይቆጠርም።

ሌላው ወገን ደግሞ ነገሩን አክርሮ፦ «እንግዲያስ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ይቅር፤ አዲስ ካልሆነ አይገዛ» ይል ይሆናል። ይህም አይቀናም። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ሌባ ነው ማለት ንጹሑን ከበደለኛው ጋር መፍረድ ነው፤ ደግሞም ምክሩ አዲስ ለመግዛት አቅም ላለው ብቻ የተሠራ ምክር ነው። ፍርድ የሚያስፈልገው በዕቃው እርጅና ላይ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ነው።

ይህን ልዩነት ከቅኔ ቤት ቋንቋ ልናየው እንችላለን። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር ቅኔ ሲደርስ «ዘረፈ» ይባላል። ቃሉ ከቀማኛ ሥራ ጋር አንድ ሲሆን ምስጢሩ ግን ተቃራኒ ነው። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ዜማውን፥ ልኩንና ስልቱን ይወስዳል፤ የሌላውን ሰው ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ቢያቀርብ ግን በጉባኤ ያፍራል። ልክን መውሰድና ነገሩን ራሱን መውሰድ ይለያያሉና። በያጁ የአሮጌውን ራዲያተር ልክ ወስዶ አዲስ ቢሠራ ከማንም አንዳች አላጎደለም፤ ሌባ ግን ነገሩን ራሱን ስለሚወስድ አንዱን ኦቶሞቢል የሚያነሣው ሌላውን ጥሎ ነው። አሮጌ ኦቶሞቢል ዕቃው ሁሉ ተራ በተራ ቢለወጥ «ያው ነውን ወይስ ሌላ?» ብለው የሚጠይቁ ፈላስፎች አሉ። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ፥ አካሉ ሁሉ ሲታደስ ባለቤቱ ያው ቅን ሰው ሆኖ ቀርቷልን የሚለው ነው።

እዚህ ከደረስን ዘንድ አንድ ነገር ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። ገዢው ወደ ሦስተኛው በር የሚሮጠው ብዙ ጊዜ የፊተኛው በር ስለ ተዘጋበት ነው። በያጅ ቢኖርለት ወደ ተራ ባልሄደ ነበር። በያጅስ ለምን ጠፋ? ብረት የሚያቀልጠውን፥ ማረሻ የሚቀጠቅጠውን ሰው ለብዙ ዘመን ቡዳ እያልን፥ ከማዕዳችን እያራቅን የኖርን እኛው ነን። አጼ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ አስቀልጠው፥ ሴባስቶፖል የተባለውን በ1860 ዓ.ም. በዚሁ በጋይንት አገር አስጎትተው ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ የብረት እውቀት ግን በጋፋት ተክል ሆኖ አልቀረም። ዳግማዊ ምኒልክም ኦቶሞቢል በገባበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ ከለከሉ። ኦቶሞቢሉ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጋይንት ደርሷል፤ አዋጁ ግን በየሰዉ ልብ ገና አልደረሰም። ስለዚህ «ቸገረኝ» ስንል ችግራችንን ማን እንዳበጀው መጠየቅ ይገባናል፤ ራሳችን ያበጀነው ችግር ከበደል ነጻ አያወጣንምና።

እንግዲህ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ምን ያድርግ ቢባል፥ ሥራው ከባድ አይደለም። ዕቃው ከየትኛው ኦቶሞቢል እንደ ተፈታ ይጠይቅ፤ የሻጩን ስምና ደረሰኝ ይቀበል፤ ያለ ልክ የረከሰውን ይጠርጥር፤ መልስ የማይሰጠውን ሻጭ ይተው። የፈረሰውን ራዲያተርም አይጣል፤ መዳቡ ለበያጁ ጥሬ ዕቃ ነው። የአርብ ገበያ ሰዎችም ከየቤታቸው ጥቂት አዋጥተው ለአንድ ብልህ ወጣት መበየጃና የሙያ ትምህርት ቢሰጡት፥ የሠራበትንም ዋጋ ሳይከራከሩ ቢከፍሉት፥ ልጃቸውንም ለመዳር ባያፍሩበት፥ ዳገቱ ላይ የሚቀረው ኦቶሞቢል ያንሳል፤ በከተማ የሌላውን ኦቶሞቢል ሌሊት ለሚፈታውም እጅ አንድ ገዢ ይጎድልበታል።